አውጪው «ዕቃው ተበላሽቷል» ቢል፦ በጀርባው ተፈርሞ የተላለፈልዎት የተስፋ ሰነድ ምን መብት ይሰጥዎታል?

ጥያቄው፦ «ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ሸጬ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ሌላ ሰው የፈረመለትን የ850,000 ብር የተስፋ ሰነድ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ከጀርባው የእኔን ስም ጠቅሶ "ይከፈል" ብሎ ፈርሞበታል፤ ቀን ግን አልጻፈበትም። የመክፈያው ቀን ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። በዕለቱ ሄጄ ስጠይቅ ሰነዱን ያወጣው ሰው "እኔ የፈረምኩት ለቆርቆሮ ግዢ ነው፤ ግማሹ ዝጎ መጣ፣ ለሻጩም ነግሬዋለሁ፤ ካንተ ጋር ምንም የለኝም" ብሎ መለሰኝ። የሰጠኝ ነጋዴ ደግሞ "አስተላልፌልሃለሁ፣ ከእኔ ራስ ወርዷል" ይላል። በፊት ገጹ ላይ፣ ከአውጪው ፊርማ ጎን፣ የሌላ ሰው ስምና ፊርማ አለ፤ ለምን እንደፈረመ አላውቅም። ዛሬ ጥር 26 ነው። ማንን ልክሰስ? ፖሊስ ዘንድ መሄድስ ያዋጣል?»

መልሱን ከመጨረሻው ልጀምር። አውጪው የዛገውን ቆርቆሮ ለእርስዎ መከላከያ ሊያደርገው አይችልም፤ ሰነዱ በሕጉ ፎርም የተሟላ ከሆነና እርስዎ ሲቀበሉት እሱን ለመጉዳት አስበው ካልሆነ ሙሉውን ይከፍላል። ከጎኑ የፈረመው ሰውም ዋስ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም አብሮ ይጠየቃል። የሰጠዎት ነጋዴ ግን ነገሩ ይለያል። በጀርባ ፊርማው ምክንያት እሱን የሚጠይቁበት በር ምናልባት በእነዚህ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ ተዘግቶ ይሆናል። የቀረዎት ሌላ በር አለ፣ እሱን ከታች እናየዋለን። ፖሊስ ዘንድ መሄድ ግን ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ላስቀድም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ስለወጣ የ1952ቱ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች የሚደነግገው አራተኛው መጽሐፍ ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ ነው። እዚያ ያሉት ደንቦች በ1930 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የወጣውን የሐዋላ ወረቀትና (አንዱ ሌላውን ለሦስተኛ ሰው እንዲከፍል የሚያዝበት ሰነድ) የተስፋ ሰነድ ወጥ ሕግ ይከተላሉ። ይህን የምጠቅሰው ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያነበው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕግ ስለሆነ ነው። እዚያ የተጠበቀ ያዥ (ሰነዱን በእጁ ይዞ ሕግ ከመቃወሚያ የሚጠብቀው ሰው) ለመሆን «ዋጋ ከፍያለሁ፣ ስለ ጉድለቱ አልሰማሁም» የሚለው መስፈርት ነው። የእኛው መለኪያ የተለየ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ቀድቶ ክስ መጻፍ አላስፈላጊ ማስረጃ በራስ ላይ መጫን ይሆናል።

አሁን ወረቀቱን ያውጡና ያንብቡት። ከሁሉ በፊት የሚጣራው ጉዳይ ይህ ወረቀት በእርግጥ የተስፋ ሰነድ ነው ወይ የሚለው ነው። የንግድ ሕግ ቁጥር 823 የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፦ «የተስፋ ሰነድ» የሚለው ቃል በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መኖር፣ የተወሰነ ገንዘብ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለመክፈል የተገባ ቃል፣ የመክፈያ ጊዜ፣ የመክፈያ ቦታ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ስም፣ ሰነዱ የወጣበት ቀንና ቦታ፣ የአውጪው ፊርማ። የመክፈያ ጊዜው ቢቀር ሲቀርብ የሚከፈል ይሆናል። የመክፈያ ቦታው ቢቀር የወጣበት ቦታ ይተካዋል። የወጣበት ቦታ ቢቀር ደግሞ ከአውጪው ስም ጎን የተጻፈው ቦታ ይተካዋል። ሌሎቹ ግን ጉድለታቸው ሰነዱን ከተስፋ ሰነድነት ያወጣዋል።

በተግባር የሚያሰናክሉት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው «ዕቃው ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ሲገኝ እከፍላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ይህች አንዲት ሐረግ ቃሉን ቅድመ ሁኔታ ያለው ታደርገዋለች፤ ወረቀቱም ተራ የዕዳ መተማመኛ ይሆናል። «ለቆርቆሮ ግዢ» የሚል ማብራሪያ ብቻ ቢኖር ግን ምንም አይጎዳም፤ ምክንያቱን መግለጽና ክፍያውን በምክንያቱ ላይ ማንጠልጠል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው በየወሩ የሚከፈል ክፍያ ነው። «በየወሩ 85,000 ብር ለአሥር ወር» ተብሎ የተጻፈ የተስፋ ሰነድ በዚህ ሕግ ዋጋ የለውም፤ በክፍልፋይ መክፈል ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ወር የራሱ ሰነድ ይጻፋል። የእርስዎ ሰነድ አንድ የመክፈያ ቀን እንዳለው ነግረውናል፤ ጥሩ ነው።

ወለድም እዚሁ ይታይ። የመክፈያ ቀኑ በቁርጥ በተጻፈ ሰነድ ላይ «ከ12 በመቶ ወለድ ጋር» የሚል ቃል ቢኖር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የወለድ ቃል የሚሠራው ሲቀርብ ወይም ከቀረበ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በሚከፈል ሰነድ ላይ ነው። ነጋዴዎች ወለዱን ቀድመው አስልተው ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምረው የሚጽፉት ለዚህ ነው። መጠኑ በፊደልና በአኃዝ ቢለያይ ደግሞ በፊደል የተጻፈው ይገዛል።

ወረቀቱ ፎርሙን ካሟላ የሚከተለው ሁሉ ለእርስዎ ያደላል።

ቁጥር 715 እንደሚለው የሚተላለፍ የገንዘብ ሰነድ ማለት መብቱና ወረቀቱ የተጣበቁበት ሰነድ ነው፤ ወረቀቱን ሳይዙ መብቱን መጠየቅም ማስተላለፍም አይቻልም። የዚህ ግልባጩ ደግሞ ወረቀቱን በትክክለኛ መንገድ የያዘ ሰው መብቱን ከወረቀቱ እንጂ ከሰጠው ሰው እጅ የሚያገኝ አለመሆኑ ነው። ተራ ዕዳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ (ቁጥር 1962 እና ተከታዮቹ) ሲተላለፍ ተቀባዩ ከእነ እንከኑ ይወርሰዋል፤ ባለዕዳው በመጀመሪያው አበዳሪ ላይ የነበረውን መከራከሪያ ሁሉ ይዞበት ይመጣል። በጀርባ ፊርማ የተላለፈ የተስፋ ሰነድ ግን ይህን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ቁጥር 717 እና ስለ ሐዋላ ወረቀት የተደነገገው ቁጥር 752 (ለተስፋ ሰነድም ተፈጻሚ ነው) የሚሉት ይኸው ነው፦ የተከሰሰው ሰው ከቀድሞዎቹ ያዦች ጋር ባለው የግል ግንኙነት ላይ የተመሠረተ መቃወሚያ በአሁኑ ያዥ ላይ ማንሳት አይችልም፤ ያዡ ሰነዱን ሲቀበል እያወቀ ባለዕዳውን ለመጉዳት ካላደረገው በቀር።

የዛገው ቆርቆሮ የግል ግንኙነት ነው። በአውጪውና በሻጩ መካከል የተደረገ የሽያጭ ውል ጉድለት እንጂ የእርስዎ ሰነድ ጉድለት አይደለም። አውጪው ከፍሎዎት ዞሮ ሻጩን በጉድለቱ ይጠይቃል።

«እያወቀ ለመጉዳት» የምትለዋ ሐረግ ግን ጉዳዩ የሚያርፍባት ስለሆነች ትንሽ ላቆይዎት። መጥፎ እምነትን የማስረዳት ሸክም የአውጪው ነው፤ እርስዎ ቅንነትዎን እንዲያስረዱ አይጠየቁም። ደግሞም ሰነዱ ከሽያጭ መነጨ ብሎ ማወቅ ብቻውን መጥፎ እምነት አይደለም፤ የንግድ ሰነድ ሁሉ ከአንድ ውል ይመነጫል። አውጪው ማስረዳት ያለበት እርስዎ በተቀበሉበት ሰዓት ሁለት ነገር እንደነበረ ነው፦ ቆርቆሮው መበላሸቱንና ገዢው መቃወሙን ያውቁ እንደነበር፣ ሰነዱን መውሰድዎም ይህን መቃወሚያ እንደሚያሳጣው እያወቁ እንደሆነ። ከዚያ በኋላ የሰሙት አይቆጠርም፤ ጥር 15 ቀን «ዝጓል» ሲልዎት መስማትዎ መብትዎን አይነካም።

ጠበቆች በዚህ ላይ የሚያመጡት ማስረጃ ምን ይመስላል? የስልክ መልእክት፣ በአስተላላፊውና በያዡ መካከል ያለ የሥጋ ዝምድና ወይም የጋራ ማኅበር፣ ከተለመደው ውጭ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ። የ850,000 ብሩን ሰነድ በ300,000 ብር ዕቃ ከለወጡ ዳኛው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እርስዎ የሸጡትን ዕቃ የሚያሳዩ ደረሰኝና የማስረከቢያ ወረቀት አዘጋጅተው ያስቀምጡ። ማቅረብ ግዴታ ስለሆነ ሳይሆን ጥርጣሬው ከተነሳ ለማብረድ ነው። ስለ ቆርቆሮው ደግሞ ከነጋዴው ጋር በቴሌግራም አይጻጻፉ፤ «አዎ ችግር እንዳለበት ነግሬህ ነበር እኮ» የሚል አንድ መልስ ቢመጣልዎት ሙሉ ክርክርዎን ያፈርሰዋል።

አውጪው በቅን ያዥ ላይም ቢሆን ሊያነሳቸው የሚችላቸው መቃወሚያዎች አሉ፤ ቢያነሳቸው በእርስዎ ላይ ስለሚጸኑ አስቀድመው ያጣሩ። ፊርማው የእሱ ካልሆነ፣ ሲፈርም ችሎታ ካልነበረው፣ የፈረመለት ወኪል ሥልጣን ከሌለው፣ ሰነዱ የፎርም ጉድለት ካለበት፣ በሰነዱ ላይ የተጻፈ የከፊል ክፍያ ካለ፣ ይርጋው (መክሰስ የሚቻልበት ጊዜ) ካለፈ፣ ወይም የማስተላለፉ ሰንሰለት ከተቋረጠ። ከድርጅት የወጣ ሰነድ ከሆነ በንግድ ምዝገባው ላይ የመፈረም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ያጣሩ፤ ሥልጣን ሳይኖረው በሰው ስም የፈረመ ግለሰብ ራሱ ዕዳው ላይ ይታሰራል። መጠኑ ተፍቆ ወይም ተጨምሮ ከሆነ ደግሞ ከለውጡ በፊት የፈረመው በቀድሞው ቃል፣ ከለውጡ በኋላ የፈረመው በአዲሱ ቃል ይገደዳል።

ሰንሰለት ያልኩትን በእርስዎ ሰነድ እንየው። በፊት ገጹ ላይ «ለ… ይከፈል» የተባለው ሰው ማን ነው? ነጋዴው ራሱ ከሆነ፣ በጀርባው የመጀመሪያው ፊርማ የእሱ፣ ተቀባዩም እርስዎ ከሆኑ ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። ገንዘብ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ሌላ ሰው ሆኖ በጀርባው የሱ ፊርማ ከሌለ ግን ተቋርጧል፤ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት የዚያን ሰው ፊርማ ማግኘት አለብዎት። የተሰረዘ የጀርባ ፊርማ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስም ያልተጠቀሰበት ባዶ የጀርባ ፊርማም በቂ ነው፤ ያዡ የራሱን ወይም የሌላ ሰው ስም ሊሞላበት፣ ሳይሞላ እንዲሁ በእጅ ሊያስተላልፈውም ይችላል። ታዲያ ባዶው ፊርማ የሚጸናው በጀርባው ወይም በተቀጥላ ወረቀት ላይ ሲሆን ነው። በፊት ገጹ ላይ ከሆነ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ወዲያው እመጣበታለሁ።

ቀን አለመኖሩ ያሳሰበዎት ይመስላል። አያሳስብ። ቀን የሌለው የጀርባ ፊርማ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ለፕሮቴስት (አለመከፈሉን ለሚያረጋግጠው ይፋዊ ማስረጃ) የተሰጠው ጊዜ ከማለቁ በፊት እንደተፈረመ ይገመታል። ጉዳዩ ይህን ያህል የሚመዝነው ከዚያ ጊዜ በኋላ የተፈረመ ማስተላለፍ የተራ ዕዳ ማስተላለፍ ውጤት ብቻ ስላለው ነው፤ ያኔ ቆርቆሮው በእርስዎም ላይ ይነሳል። ስለዚህ ከመክፈያው ቀን በፊት እንደተቀበሉ የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት (የዕቃ ማስረከቢያው ቀን ለምሳሌ) ይያዙ። አሁን ቁጭ ብለው ቀን እንዳይጽፉበት ብቻ፤ ግምቱ ለእርስዎ ሲሠራ ሳለ በሰነዱ ላይ የገዛ እጅዎን ጽሑፍ መጨመር የሐሰት ክርክር መጋበዝ ነው። በፊት ገጹ ላይ «ለሌላ የማይተላለፍ» የሚል ቃል ካለም ያው የተራ ማስተላለፍ ውጤት ይመጣልና እሱንም ይፈልጉ።

ወደ ሦስተኛው ፊርማ እንምጣ። በፊት ገጹ ላይ የሚገኝ፣ የአውጪው ያልሆነ ፊርማ በራሱ እንደ ዋስትና ይቆጠራል፤ በንግዱ ዓለም አቫል የሚባለው ነው። «ዋስ ነኝ» ብሎ ባይጽፍም ለውጥ የለውም። ስለ ማን እንደዋሰ ካልጻፈ ስለ አውጪው እንደዋሰ ይወሰዳል። ይህ ሰው እንደ ተራ ዋስ «መጀመሪያ ከባለዕዳው ጠይቁ» ማለት አይችልም፤ ከአውጪው እኩል፣ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃል። ግዴታው የራሱ ስለሆነ የዋሰለት ሰው ግዴታ በሌላ ምክንያት ዋጋ ቢያጣ እንኳ የእሱ ይጸናል፤ የፎርም ጉድለት ሲሆን ግን አይጸናም። በመዝገብ የምናየው የተለመደ መልስ «እኔ ምስክር ሆኜ ነው የፈረምኩት» የሚል ነው። ከፊርማው አጠገብ «ምስክር» የሚል ቃል ካለ ጥያቄዎ ይዳከማል፤ ከሌለ ግን ጠንካራ ነዎት። አንዳንድ ጊዜ ከአውጪው ይልቅ ሀብት ያለው ይህ ሰው ነው፤ አይርሱት።

አሁን የሰጠዎት ነጋዴ። «ከእኔ ራስ ወርዷል» የሚለው በመርህ ደረጃ ስሕተት ነው፤ በጀርባ የፈረመ ሰው «ያለ ዋስትና» የሚል ቃል ካልጻፈ በቀር ክፍያውን ያረጋግጣል፤ አውጪው ካልከፈለ እሱ ይከፍላል። ያዡ ፈራሚዎቹን በተራ ሳይሆን የፈለገውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ቢፈልግም መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን አስተላላፊውን ለመያዝ ሕጉ ጠባብ ሰዓት ያስቀምጣል። ሰነዱ በመክፈያው ቀን ወይም በሚከተሉት ሁለት የሥራ ቀናት ለክፍያ መቅረብ አለበት፤ አለመከፈሉም በእነዚያው ሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በይፋዊ ማስረጃ፣ በፕሮቴስት፣ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሰጠዎት ሰው ማስታወቂያ ይላካል። የቃል እምቢታ፣ ምስክር ቆሞ የሰማው ቢሆንም፣ ፕሮቴስትን አይተካም።

ጥር 15 ቀን በዕለቱ ሄደው መጠየቅዎ ጥሩ ነበር። ፕሮቴስት አላስደረጉም፤ ዛሬ ጥር 26 ስለሆነ ጊዜው አልፏል። ሰነዱ ራሱ ካልረዳዎት በቀር በጀርባ ፊርማው ላይ የተመሠረተው መብት ጠፍቷል ማለት ነው። «ካልረዳዎት» ያልኩት ለዚህ ነው፦ «ያለ ፕሮቴስት» ወይም «ያለ ወጪ» የሚል ቃል በሰነዱ ላይ ይፈልጉ። አውጪው ጽፎት ከሆነ ለፈራሚዎች ሁሉ ይሠራል፤ ነጋዴው ከፊርማው አጠገብ ብቻ ጽፎት ከሆነ በእሱ ላይ ብቻ ይሠራል። ቃሉ ካለ በጊዜው ማቅረብዎ ይበቃል፤ ነጋዴውን ከመክፈያው ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላሉ። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ በጽሑፍ ይላኩለት፤ መዘግየቱ መብቱን አያጠፋውም፣ በመዘግየቱ ያደረሱበት ጉዳት ካለ ግን እስከ ሰነዱ መጠን ሊጠይቅዎ ይችላል።

ቃሉ ከሌለስ? ሌላው በር ይህ ነው። ዕቃ ሸጠውለታል። ያ የሽያጭ ውል ከሰነዱ የተለየ ዕዳ ነው፤ ሰነዱን በክፍያ ፈንታ መቀበል በግልጽ «ዕዳው በዚህ ተተክቷል» ካልተባባሉ በራሱ የሽያጩን ዕዳ አያጠፋም። ስለዚህ ነጋዴውን በጀርባ ፊርማው ሳይሆን ዕቃ በገዛበት ውል ይጠይቁታል። በዚህ መንገድ ማስረጃው ይከብዳል፤ ሽያጩን፣ ርክክቡን፣ ዋጋውን ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ነው። እሱም «ፕሮቴስት ባለማድረግህ ወደ ኋላ የምጠይቅበትን ሰው አሳጣኸኝ» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ከእሱ በፊት ሌላ አስተላላፊ ካልነበረ ግን ያሳጡት ሰው የለም። አውጪው አሁንም በእጁ አለ። አንድን ገንዘብ ሁለት ጊዜ መቀበል እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ አንዱ ሲከፍል ሌላው ይወድቃል።

አውጪው ለዚህ ሁሉ የሰዓት ጣጣ አይገዛም። የተስፋ ሰነድ አውጪ ግዴታው ሐዋላ ወረቀትን እከፍላለሁ ብሎ ከተቀበለ ሰው ጋር አንድ ነው፤ ፕሮቴስት ተደረገ አልተደረገ ይከፍላል። በእሱ ላይ ያለዎት ጊዜ በቁጥር 817 መሠረት ከመክፈያው ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ በእርስዎ ሰነድ እስከ ጥር 15 ቀን 2021 ዓ.ም.። ለአውጪው የዋሰው ሰውም በዚሁ ይታሰራል። ጊዜው ሰፊ መስሎ ቢታይም የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው፤ «ሽማግሌ ይዞታል፣ ሊከፍል ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት ይነጉዳል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ግን አውጪው ዕዳውን በጽሑፍ አምኖ ይፈርም። የጽሑፍ እምነቱ ይርጋውን ያቋርጠዋል፤ የሚያቋርጠው ግን በፈረመው ሰው ላይ ብቻ ነው። አውጪው ቢፈርም የዋሱ ሰዓት መቁጠሩን አያቆምም፤ ዋሱንም ያስፈርሙት።

በነገራችን ላይ የቀን አጻጻፍ ብዙ ሰው ይጥላል። ሰነዱ ላይ «2018» ብቻ ተጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተለየ፣ በተለይ ወሩ በቁጥር (15/05/2018) ከተጻፈ፣ ስለ መክፈያው ቀን የሚነሳው ክርክር ይርጋውንም የማቅረቢያውንም ቀን አብሮ ያናጋል። የእርስዎ «ጥር» ብሎ ስለሚል ያድነዋል።

ፖሊስን በተመለከተ፦ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ (ቁጥር 693) ወንጀል ነው፤ ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የተስፋ ሰነድ አለመክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ገና ወደፊት እከፍላለሁ የሚል ቃል እንጂ ባንክ ውስጥ ገንዘብ አለ የሚል አይደለምና። ፊርማው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ከዚያ በመለስ «አሳስራለሁ» ብለው ማስፈራራት ራስዎን ተከሳሽ ሊያደርግዎት ይችላል።

ክሱን እንዴት ያቅርቡት? በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 እና ተከታዮቹ ስለ አጭር ሥነ ሥርዓት የተደነገገው እንደ እርስዎ ላለ ጉዳይ የተበጀ ነው፤ የተስፋ ሰነድ በስም ተጠቅሷል። ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ እንደሚጠይቁ በክስ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፋል፤ ዕዳው እውነት መሆኑንና ተከሳሹ መከላከያ እንደሌለው እንደሚያምኑ የሚገልጽ ቃለ መሐላ ይያያዛል፤ የሰነዱ የሁለቱም ገጽ ቅጂ ይያያዛል፤ ዋናው ለዳኛው ይታያል። ከተለመደው ክስ የሚለየው ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ መስጠት አለመቻሉ ነው። መጀመሪያ በቃለ መሐላ አስደግፎ የመከላከል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ፣ ወይም የጠየቀበት ምክንያት በሕግ መከላከያ ካልሆነ፣ ፍርድ ይሰጣል። አውጪው በቃለ መሐላው «ቆርቆሮው ዝጓል» ብቻ ካለ፣ ክርክርዎ አጭር ነው፦ እውነት ነው ብለን ብንወስደው እንኳ በቁጥር 717 በእኔ ላይ አይነሳም፤ መጥፎ እምነቴን የሚያሳይ አንድም ፍሬ ነገር አልገለጸም። ዳኛው ፈቃዱን ቢሰጥ እንኳ ዋስትና እንዲያስይዝ ወይም ገንዘቡን እንዲያስቀምጥ ሁኔታ ሊያያይዝበት ይችላልና ያንን በአማራጭ ይጠይቁ።

የነጋዴውን የሽያጭ ዕዳ እዚሁ ክስ ውስጥ አይቀላቅሉት። በሰነዱ ላይ የተመሠረተው ጥያቄ ንጹሕ ሆኖ አውጪውንና ዋሱን ብቻ ይዞ ይሂድ፤ ምስክር የሚያስፈልገው የሽያጭ ክርክር ሲጨመርበት ፈቃድ መከልከሉ ቀርቶ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ሥርዓት ይንሸራተታል። ዳኝነት ሲጠይቁ ዋናውን 850,000 ብር፣ ከመክፈያው ቀን ጀምሮ የሚታሰበውን ሕጋዊ ወለድ፣ የክስ ወጪና ኪሣራን ይጥቀሱ። ወለድ ካልጠየቁት ዳኛው በራሱ አይጨምርልዎትም። አውጪው መጋዘኑን እየሸጠ ወይም መኪናውን በሰው ስም እያዞረ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለዎት ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር (እንዳይሸሽ ተይዞ እንዲቆይ) አብረው ያመልክቱ፤ ጥርጣሬ ብቻ አይበቃም።

ወረቀቱን ራሱን ይንከባከቡት። በፕላስቲክ አያስለብጡት! ይህን የሚያደርግ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ በኋላ ከፊል ክፍያ ሊመዘገብበት፣ ሲከፈል «ተከፍሏል» ተብሎ ሊፈረምበት የማይችል ወረቀት ይሆናል፤ የፊርማ ምርመራም ያስቸግራል። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥተው ዋናውን በፖስታ ያኑሩ፤ ለጠበቃ ሲሰጡም ተቀብያለሁ የሚል ፊርማ ይያዙ። ማስከፈያ ብቻ ለማለት ለሌላ ሰው የሚሰጡት ከሆነ በጀርባው «ለማስከፈል ብቻ» የሚል ቃል ይጨምሩ፤ ያለዚያ ሰውየው በሰነዱ ላይ ባለቤት ይመስላል፣ ለሦስተኛ ወገን ቢያስተላልፈውም የሚያስመልሱበት መንገድ ይጠባል። ከጠፋ ለአውጪውና ለዋሱ በዕለቱ በጽሑፍ አሳውቀው ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ ፎቶ ኮፒ ይዞ ክፈል ማለት አይሠራም።

አውጪው ተመልሶ «ለጊዜው 400,000 ብር ልስጥህ» ቢልዎት እምቢ የማለት መብት የለዎትም፤ በመክፈያው ቀንና ከዚያ ወዲህ የቀረበን ከፊል ክፍያ ያዡ መቀበል አለበት። ተቀብለው መጠኑንና ቀኑን በሰነዱ ላይ ይጻፉ፤ ለእሱ ለብቻው ደረሰኝ ይስጡት። ሰነዱን ግን ቀሪው 450,000 ብርና ወለዱ እስኪገባ ድረስ ከእጅዎ አያውጡ። ስምምነት ላይ ሲደርስ ጠበቃው አዘጋጅቶ የሚያመጣውን ወረቀት ሲያነቡ «ይህ ስምምነት የቀድሞውን ዕዳ ይተካል» ወይም «ሰነዱ ተሰርዟል» የሚል መስመር ካለ ያስወጡት። ያ መስመር ከገባ ዋሱ ነጻ ይወጣል፣ አጭሩ ሥነ ሥርዓት ይቀራል፣ የዛገው ቆርቆሮም በአዲሱ ውል በኩል ተመልሶ ሊገባ ይችላል።